ደም በዓይን አይመዘንም፦ ለአንድ ሰርጀን ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ዶክተር፣ መጀመሪያ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጽሑፍዎን ያነበብኩት ከአዳር ተረኝነት ወጥቼ ቸርችል ጎዳና ላይ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ነው። ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ደጋግሜ አነበብኩት። ቤቴ ገብቼ ልተኛ ብል እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ልመልስልዎ ተነሳሁ።

ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው የብዙ ዓመት ሰርጀን ናቸው። ጽሑፋቸው በኦፕራሲዮን ጊዜ የሚፈሰው ደም እንዴት ይገመት ስለሚለው ጉዳይ ነው። ሐሳባቸው ሲጨመቅ ይህን ይመስላል። ልምድ ያለው ሰርጀን አይቶ ከገመተ ይበቃል። ጎዝ (ደም የሚጠጣውን ጨርቅ) መመዘን ጊዜ ማባከን ነው፣ ሰውም ሚዛንም የለንም። ደም ተመጦ የሚገባበት ሳክሽን ጠርሙስ ላይ ቁጥር ተጽፎአል። ከተጠራጠርን ሄማቶክሪት (ከደሙ ስንት በመቶው ቀይ ሴል እንደሆነ የሚያሳይ ምርመራ) እናሠራለን። ግፊትና የልብ ምትም ይነግሩናል። ከዚህ የበለጠ የሚፈልግ ሰው ዘመናዊው መሣሪያ እስኪገባ ይጠብቅ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ግምት ሲጋነን ያለ አግባብ ደም ይሰጣል ብለው ያስጠነቅቃሉ።

እኔ አንስቴቲስት፣ ማለትም ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ። መሃል አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው የምሠራው። የሥራ ቦታዬ ከታካሚው ራስ በኩል ነው። እናንተ ቁስሉን ታያላችሁ፤ እኔ ሞኒተሩን፣ ጠርሙሱን፣ ባልዲውንና ወለሉን አያለሁ። ቻርቱ ላይ «የፈሰሰ ደም» የምትለዋን ባዶ ቦታ የምሞላውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገሩ በቀጥታ ይመለከተኛል። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ነጥብ በነጥብ ልሂድ።

ከዓይን ልጀምር። ብዙ ዓመት የሠራ ሰርጀን ዓይኑ ሚዛን ነው ይላሉ። እጁ ሚዛን ነው ቢሉኝ ያለ ክርክር እቀበል ነበር። ሆድ ውስጥ ምንም በማይታይበት ሰዓት የሚደማውን ስር በጣቱ ብቻ ፈልጎ የሚይዝ ሰርጀን አይቻለሁ። ዓይን ግን ደም አይለካም። ዓይን የሚያየው ስፋትን ነው። ጎዝ ደግሞ ደሙን የሚደብቀው በድርብርቡ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ የታተመ አንድ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ ልኩ የታወቀ ደም ጎዝ ላይ፣ ፓክ (ትልቁ ጎዝ) ላይ፣ ኪድኒ ዲሽ (የኩላሊት ቅርጽ ያለው ሳህን) ውስጥ፣ አልጋና ወለል ላይ አፍስሰው ሐኪሞችን፣ አዋላጆችንና የአንስቴዥያ ባለሙያዎችን «ስንት ይመስላችኋል?» እያሉ ጠየቁ። ደሙ በዛ ባለባቸው ትዕይንቶች ላይ ባለሙያው በጣም አሳንሶ ገመተ። ወለል ላይ ተዘርግቶ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ደም 1,500 ሚሊ ሊትር ነበር። 45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነው ትልቁ ፓክ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲጠግብ 350 ሚሊ ሊትር ያዘ። አሁን ብዙዎቻችን በተማሪነታችን የሸመደድነውን አስታውሱ። አንድ የራሰ ፓክ ከ100 እስከ 150፣ ትንሿ ጎዝ 10። እዚያ ጥናት ላይ ግን ድርብርቧ ወፈር ያለች ትንሽ ጎዝ ብቻዋን እስከ 60 ሚሊ ሊትር ይዛለች። ታዲያ የትኛው ነው ትክክል? ሁለቱም። ጎዙ ይለያያል፣ ድርብርቡ ይለያያል፣ አጣጣፉ ይለያያል። እኛ ጋ ደግሞ ጎዙን ራሳችን ቆርጠን፣ አጣጥፈን፣ አውቶክሌቭ አድርገን ነው የምንጠቀመው። ሰኞ ያጠፈችው እህት እና ሐሙስ ያጠፈችው እህት አንድ ዓይነት ፓክ አያወጡም። ከመጽሐፍ የተሸመደደ ቁጥር የኛን ባልዲ አያውቀውም ማለት ነው።

ልምድን በተመለከተ ደግሞ፣ ሰው በሥራ ሲቆይ ግምቱ እንደማይስተካከል ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠንቷል። ሲኒየሩም ኢንተርኑም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሳሳቱት። ደሙ ትንሽ ሲሆን ያጋንናሉ፤ ብዙ ሲሆን ያሳንሳሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ቁጥሩ ነፍስ የሚያድነው ደሙ ብዙ በሆነበት ሰዓት ነው። ዓይናችን የሚከዳንም ልክ በዚያች ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ደም በአንድ ጊዜ አይወርድም። አንድ ፓክ፣ ከዚያ ሌላ ፓክ፣ ከዚያ ትንሽ ሳክሽን። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ እያንዳንዷ ጠብታ ትንሽ ስለሆነች ድምሩን ማንም አያስታውሰውም። ሰርጀን ደግሞ በዚያ ሰዓት ሐሳቡ የሚደማውን ማቆም ላይ ነው፤ መሆን ያለበትም እዚያው ላይ ነው። ቆጠራውን ለምን ከሱ ላይ አናወርድለትም?

ካላመናችሁኝ ራሳችሁ ሞክሩት። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ላይ ቀይ ቀለም ጨምሩ። ግማሹን ፓክ ላይ፣ ሩቡን ድሬፕ (ታካሚው የሚሸፈንበት ጨርቅ) ላይ፣ የቀረውን ወለል ላይ አፍስሱ። ከዚያ የጠዋት ስብሰባ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ በየተራ ጠይቁ፤ መልሱን ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ እርስ በርስ አይተያዩ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብዎ ልለፍ፤ በጣም ያንገበገበኝ እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ። መመዘን ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የምሠራበት ቦታ ሌላ ነበር፤ ስሙ ይቅር። አንዲት የ34 ዓመት ሴት ለማዮማ ኦፕራሲዮን ገባች። ማዮማ የማኅፀን እጢ ነው፤ ሲወጣ ደም ሊበዛ ይችላል። ክብደቷ 58 ኪሎ ነው። ሥራው ሲያልቅ «ደም ስንት ልጻፍ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰርጀኑ ቀና ሳይሉ «አምስት መቶ በይው» አሉኝ። ጻፍኩ። አላየሁትም፣ አልለካሁትም፣ ግን 500 ብዬ ጻፍኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እስክሪብቶው የኔ እጅ ላይ ነበር።

ሪከቨሪ (ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚነቁበት ክፍል) በገባች በሃያ ደቂቃዋ ነርሷ ጠራችኝ። የልብ ምቷ 130፣ ግፊቷ 85 በ50። ከንፈሯ ወረቀት መስሏል። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ውሃ ስጡኝ፣ ጠማኝ» ትላለች። ፈሳሹን በሁለት እጇ እንዲከፍቱላት፣ ሰርጀኑን እንዲጠሩ ተናግሬ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ሮጥኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲውን ልታነሳ ስትል ደረስኩባት። ጓንት አጥልቄ ፓኮቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። አሥር ናቸው። ሚዛን የለንም። ከማዋለጃ ክፍል የአራስ መመዘኛ ተዋስን፤ ያቺ ልጅ እንደተወለደ የሚጋደምባት ነጭ ሚዛን። ፓኮቹን በፌስታል አድርገን አስቀመጥንባት። 1,380 ግራም። ከመደርደሪያ አንድ ደረቅ ፓክ አውርጄ መዘንኩ፤ 40 ግራም። አሥሩ ደረቁን 400 ነው። ልዩነቱ 980። ጠርሙሱ ውስጥ ካለው የታጠበበት ውሃ ሲቀነስ 300 ቀረ። በድምሩ 1,280 ሚሊ ሊትር።

58 ኪሎ የሆነች ሴት በኪሎ 65 ሚሊ ሊትር ብንይዝላት ጠቅላላ ደሟ 3,800 ገደማ ነው። አንድ ሦስተኛው ባልዲና ጠርሙስ ውስጥ ነበር። እኔ ቻርት ላይ የጻፍኩት 500 ነው።

ደም የተጠየቀው ያኔ ነው። ሾፌሩ ደም ባንክ ደርሶ እስኪመለስ፣ ክሮስማቹ (የሚሰጣት ደም ከደሟ ጋር መስማማቱ የሚታይበት ምርመራ) እስኪሠራ፣ ባሏ ኮሪደሩ ላይ አንዴ ወደ በሩ አንዴ ወደ መስኮቱ ይመላለስ ነበር። እኔን ባየ ቁጥር ቆም ይላል። የምነግረው አልነበረኝም። ተረፈች፣ ተመስገን። ግን ያ ደም መጠራት የነበረበት ስድስተኛው ፓክ ባልዲ ውስጥ ሲወድቅ ነበር፤ ማለትም ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ያንን ሁሉ ሒሳብ የሠራሁት ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ያውም ሚዛን ተውሼ።

ስለዚህ ጊዜ የለም የሚለው አያስኬድም። ዶክተር፣ ሆድ ከመዘጋቱ በፊት ፓክ እኮ ይቆጠራል! ያለ ቆጠራ አንድም ሆድ አይዘጋም፤ ሆድ ውስጥ ፓክ እንዳይረሳ። ለሰርጀኑ ዕቃ የምታቀብለው ስክራብ ነርሷና ከውጭ ዕቃ የምታመላልሰው ረነሯ አምስት አምስት እያደረጉ ይቆጥራሉ። ቆጥረው ካስቀመጡት አምስት ፓክ ሥር ሚዛን ማስቀመጥ ምን ያህል ሰዓት ይፈጃል? ሥራው አዲስ ሥራ አይደለም። እየተሠራ ካለ ሥራ ሥር የሚገባ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ ላስረዳ፤ ተማሪዎችም ስለምታነቡ። ደረቁን መዝኑ። የራሰውን መዝኑ። ቀንሱ። የደም አንድ ሚሊ ሊትር ከአንድ ግራም ትንሽ ከፍ ይላል፣ 1.05 ገደማ ነው፤ ለኛ ሥራ ግራሙን እንዳለ ሚሊ ሊትር ብንለው አይጎዳንም። ደረቁን ክብደት ግን ከመጽሐፍ አትውሰዱ፤ ጎዝ በታጠፈ ቁጥር ከዚያው እሽግ ሦስት አራት መዝናችሁ አማካዩን እሽጉ ላይ ጻፉ። ፓኩ በሳላይን (በጨው ውሃ) ተነክሮ ተጨምቆ የሚገባ ከሆነ ደረቁን ሳይሆን ተነክሮ የተጨመቀውን መዝኑና እሱን ቀንሱ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ሚዛን ይዋሻል የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ባልዲ ውስጥ ተከምሮ እስኪደርቅም አትጠብቁ፤ ውሃው ይተናል፣ ቁጥሩ ያንሳል።

ደግሞ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ኦወን ዋንገንስቲን የሚባለው የሚኒሶታው ታዋቂ ሰርጀን ኦፕራሲዮን ላይ የሚፈስን ደም በሚዛን መለካትን እ.ኤ.አ. በ1942 ጽፎበታል። ሰርጀን ነው፣ የናንተው ሰው። በሰማንያ ዓመት ውስጥ ሚዛን ረከሰ እንጂ አልተወደደም። የኛ ሚዛን ከመርካቶ የተገዛ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ነው። የሁለት ሰው ክትፎ ምሳ ከሚያወጣው በላይ አላወጣንበትም።

የሳክሽኑ ጠርሙስ ላይ ብዙ አልቆይም። ቁጥር አለው፣ ልክ ነው። ግን ጠርሙሱ የገባለትን ሁሉ ነው የሚቆጥረው። ሆድ የታጠበበት ሳላይን፣ መግል፣ የሆድ ውኃ፣ ሽንት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ስለዚህ ስንት ሳላይን እንደፈሰሰ ካልተጻፈ የጠርሙሱ ቁጥር ትርጉም የለውም። ረነሯ የከፈተችውን ጠርሙስ ሳላይን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ትጻፍ፤ በቃ። በኦፕራሲዮን ስትወልድ ደግሞ የሽርት ውሃው አለ። ቀኗ በደረሰ ነፍሰ ጡር ከ700 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ሊሆን ይችላል። እኛ የምናደርገው ቀላል ነው። ሽርቱ ፈሶ ልጁ እንደወጣ ሳክሽን ጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፈን መስመር እናሰምራለን። ከመስመሩ በላይ የሚመጣውን ነው እንደ ደም የምንቆጥረው። አረፋውን ደግሞ አብራችሁ አታንብቡ።

ሄማቶክሪት እናሠራለን ላሉት ግን ረጋ ብዬ ልመልስ፤ ይህ ስህተት የእርስዎ ብቻ አይደለምና። ብዙ ሐኪም ያምንበታል። ላብራቶሪ ነው፣ ቁጥር ነው፣ ሰው አልገመተውም፤ ስለዚህ እውነት ይመስላል።

አንድ ጀበና ቡና አስቡ። አቦሉ ፈልቷል። ግማሹን ስኒ ላይ ቀዳችሁት። ጀበናው ውስጥ የቀረው ቡና ቀጠነ? አልቀጠነም። ያው አቦል ነው፤ ያነሰ አቦል። የሚቀጥነው ውሃ ጨምራችሁ ቶና ስታፈሉ ነው። ደምም እንደዚሁ ነው። ሰው ሲደማ ቀዩም ውሃውም አብሮ ነው የሚወጣው። የቀረው ደም ውፍረቱ ያው ነው። ሄማቶክሪት የሚነግረን ውፍረቱን ነው እንጂ ጀበናው ውስጥ ስንት እንደቀረ አይደለም። ሰውነት ከየአካሉ ውሃ ስቦ ደም ስር ውስጥ እስኪያስገባ ሰዓታት ይፈጃል፤ ቁጥሩ እውነቱን የሚያሳየው ያኔ ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር የፈሰሰው ሰው ሄማቶክሪቱ 36 ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እናንተም «ደህና ነው» ብላችሁ ትዘጋላችሁ።

ተቃራኒውም አለ። እኔ ሁለት ሊትር ግሉኮስና ሳላይን ካፈሰስኩበት በኋላ የተቀዳ ናሙና ቀጥኖ ይመጣል። ያኔ ደግሞ ብዙ የደማ ይመስላል። ማለት፣ ያው አንድ ታካሚ ሆኖ ናሙናው በተቀዳበት ደቂቃ ልክ መልሱ ይለዋወጣል።

ሄማቶክሪት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ቦታው ሌላ ነው። ጄፍሪ ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ቀመር አለ፤ እኛ ከኦፕራሲዮን በፊት እንጠቀምበታለን። የሰውየውን ጠቅላላ ደም፣ ሲገባ የነበረውን ሄማቶክሪትና ልንታገሠው የምንችለውን ዝቅተኛ ቁጥር ወስዶ ስንት ሚሊ ሊትር ቢፈስ እንደምንችል ይነግረናል። ምሳሌ ልስጥ። 60 ኪሎ የሆነች ሴት 3,900 ሚሊ ሊትር ደም አላት። ሄማቶክሪቷ 36 ነው፣ እስከ 27 ቢወርድ እንታገሣለን። ልዩነቱ 9። ለሁለቱ አማካይ ለ31.5 ይካፈላል። በ3,900 ሲባዛ 1,100 ገደማ ይመጣል። እንግዲህ ይህ ቁጥር ገና ማደንዘዣ ሳይሰጥ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ኦፕራሲዮኑ ሲሄድ ደግሞ ሚዛኑ ወደዚያ ቁጥር እየቀረበ ወይም እየራቀ መሆኑን ይነግረናል። ሚዛን ከሌለ ግን ቀመሩ ባዶ ነው፤ ገደቡን አውቀን ወደ ገደቡ መቅረባችንን አናውቅም።

ግፊቱና የልብ ምቱ ይነግሩናል ስለሚሉት፣ አዎ ይነግሩናል፤ ግን ዘግይተው። አንድ ጤነኛ ወጣት ከደሙ 15 በመቶ፣ ማለትም እስከ 750 ሚሊ ሊትር ቢያጣ ምንም ላያሳይ ይችላል። ከ15 እስከ 30 በመቶ ሲደርስ የልብ ምቱ ይፈጥናል፤ ግፊቱ ግን ሊይዝ ይችላል። ግፊት በግልጽ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ 30 በመቶ ካለፈ በኋላ ነው። ይህ እንግዲህ ያልተደነዘዘ ሰው ነው። የኛ ሰው ተደንዝዟል። ስፓይናል (በጀርባ ተወግቶ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው) ብቻውን ግፊት ይጥላል። ኬታሚን የሚባለው ማደንዘዣ ብቻውን ምት ያፈጥናል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ እየደማም ምቱ ላይፈጥን ይችላል። ያቺ የነገርኳችሁ ሴት ኦፕራሲዮን ላይ እያለች ምቷ 105 ገብቶ ነበር። ማደንዘዣው ሳስቷል ብዬ ጨመርኩላት። ባልዲውን ቀና ብዬ ብመዝን ኖሮ እንደዚያ አላደርግም ነበር። ሞኒተሩ አልዋሸኝም፤ እኔ ነኝ ለሌላ ጥያቄ መልስ አድርጌ ያነበብኩት። ምቱን ለላይኛው ግፊት ማካፈል ጥሩ ልማድ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ከ0.5 እስከ 0.7 ይሆናል፤ ወደ 1 ሲጠጋ ደም ፈልጉ። የሷ ሪከቨሪ ላይ 1.5 ነበር።

ስለ ሕፃናት ምንም አለማለትዎ ደግሞ አስገርሞኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደህንነት ቼክሊስት ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ፣ ልጅ ከሆነ ደግሞ በኪሎ ከ7 ሚሊ ሊትር በላይ ደም ይፈሳል ተብሎ ይጠበቃል ወይ የሚል። 10 ኪሎ የሆነ ልጅ ላይ 7 ሲባዛ 70 ሚሊ ሊትር ነው። ከአንድ የቡና ስኒ ብዙም አያልፍም። ግማሽ የራሰ ፓክ። የልጁ ጠቅላላ ደም 800 ነው። እዚህ ላይ በዓይን «ትንሽ ነው» ማለት ይቻላል? ልጅ ላይ ትንሿን ጎዝ ሁሉ አንድ በአንድ እንመዝናለን፤ ሳክሽኑንም በጠባብ፣ ሚሊ ሊትሩ በሚነበብ ዕቃ ነው የምንቀበለው።

ዘመናዊው መሣሪያ እስኪገባ እንጠብቅ ይላሉ። መሣሪያው አለ። የራሰውን ጎዝ በታብሌት ፎቶ አንስቶ ከቀለሙ ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ያሰላል። ጥሩ ነገር ነው፤ ሳላይንን ከደም ይለያል፣ ሚዛን ይህን አይችልም። ቢመጣ ደስ ይለኛል። ግን ሐሳቡ እንኳ የመቶ ዓመት ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ጋች እና ሊትል የሚባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች የኦፕራሲዮን ጎዞችን አጥበው የእጣቢውን ቀለም እያስተያዩ ደሙን ለክተዋል። መሣሪያ ሳይጠብቁ። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን ትልቅ ጥናት ተመልከቱ። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ 80 ሆስፒታሎች ውስጥ የተሠራ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም መስመር በተሰመረበት ፕላስቲክ ተቀበሉ፤ ልኩ ሲያልፍ ሕክምናውን ሁሉ ባንድ ላይ ጀመሩ። በዓይን በሚገመትበት ቦታ ከሚደሙት እናቶች ግማሾቹ ብቻ ሲታወቁ፣ በዚህኛው 93 በመቶዎቹ ታወቁ። ከባድ መድማትና ሌላው አደጋም በ60 በመቶ ቀነሰ። ጥናቱ በማኅፀን ስለወለዱት ነው እንጂ ስለ ኦፕራሲዮን አይደለም፤ ሕክምናውም ድርሻ አለው። ግን የጀመረው ከመስመር ነው። ፕላስቲክ ላይ ከተሰመረ መስመር።

አሁን ትክክል ያሉበትን ልናገር። ግምት ሲጋነን ያለ አግባብ ደም ይሰጣል ብለዋል። እውነት ነው፤ ትንሽ ኦፕራሲዮን ላይ ቀይ ጎዝ ሲበዛ ደንግጠን ደም የምንሰቅልበት ጊዜ አለ። አንድ ከረጢት ደም 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንድ ሰው ክንዱን ዘርግቶ የሰጠው፣ ደግሞ ለመስጠት ሦስት ወር የሚጠብቅበት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥም ሳምንታት ብቻ የሚቆይ። ያለ አግባብ መስቀል ነውር ነው። ግን ይህ የእርስዎ ክርክር ለኔ ነው የሚያግዘኝ። ማጋነንንም ማሳነስንም የሚያርመው ያው አንዱ ሚዛን ነውና።

ሰው ያንሰናል ያሉትም እውነት ነው። አንዲት ረነር ለሁለት ክፍል የምትሮጥበትን ቀን አውቃለሁ። ደም እንደ ቧንቧ በሚፈስበት ሰዓትም ሚዛን ፈልጉ የሚል የለም፤ መጀመሪያ ይያዝ፣ ደም ይጠራ፣ ሚዛኑ ሲረጋጋ ይደርሳል። ሚዛንም ሁሉን አያይም። ታካሚዋ ሥር አንሶላው የጠጣውን፣ በማኅፀን በኩል ዝም ብሎ የሚወርደውን፣ ከጀርባ በኩል ተጠራቅሞ የቀረውን አይቆጥርም። ለዚህ ነው ከመዝጋታችን በፊት ድሬፑን ገልጠን በእጃችን ሥሯን የምንዳስሰው። ሚዛን፣ ጠርሙስ፣ ዳሰሳ፣ ሞኒተር። አንዱ ሌላውን ይጠይቃል። እርስዎ ግን ከአራቱ አንዱን ሊያስቀሩብን ነው የጻፉት፤ ያውም ርካሹንና ቀላሉን።

ማን ይሠራዋል ላሉት ደግሞ እኛ ጋ እንዲህ ነው የምናደርገው። አምስት ፓክ ሲሞላ ረነሯ ሚዛን ላይ ታስቀምጥና ድምጿን ከፍ አድርጋ ትጠራለች። «አራት መቶ ሃያ!» እኔ ደረቁን 200 ቀንሼ 220 ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ጠርሙሱን እጨምርበታለሁ። ድምሩን ለሰርጀኑ እነግራለሁ። ሰርጀኑ ቀና ማለት አይጠበቅበትም፤ መስማት ብቻ ነው። ድምሩ መጀመሪያ ከጻፍነው ገደብ ግማሽ ሲደርስ ደም ዝግጁ መሆኑን አጣራለሁ። ይኸው ነው።

ዶክተር፣ ሐሙስ ሐሙስ ረዥም ኦፕራሲዮን አለን። አንድ ቀን ይምጡና ከኔ በኩል ይቁሙ፤ ከራስጌ። የፓኮቹ ደረቅ ክብደት በማርከር ፕላስተር ላይ ተጽፎ በሩ አጠገብ ተለጥፏል። እርስዎ በዓይንዎ ይገምቱ፣ ረነሯ ትመዝን፣ ሁለቱንም ቁጥር እኔ ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን እጽፋለሁ።